ቀዳዳው መጨረሻ ይበሳል

«ትራፓኖ ማንም ያነሳል። ቁም ነገሩ ከማንሳትህ በፊት ያለው ነው» አሉኝ ባለሙያው፣ ዓይናቸውን ከካሊፐሩ ሳይነቅሉ። የሥራ ጠረጴዛቸው ያለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መበየጃው፣ የግራም መቶኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛን፣ ሁሉም ከእጃቸው ሥር ናቸው። ትራፓኖው ብቻ ማዶ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሊያመጡት መነሳት ግድ ይላቸዋል፤ ተነስተው እስኪደርሱ ድረስ ልኬቱን እንደገና ያሰላስሉታል። እንጨት አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ላይ ደግሞ የአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ጆሮ ድረስ ይመጣል።

ፊታቸው ያለው ቶረንስ ቲዲ 160 ነው። ቶረንስ በ1883 በስዊዘርላንዷ ሴንት ክሯ የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን ሲጀምር የሙዚቃ ሣጥን ነበር የሚሠራው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቲዲ 160 የ1972 ልጅ ነው፤ የተሠራውም ጀርመን፣ ላር ከተማ ውስጥ ነው። ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሳሕን አለው፤ ሳሕኑ በጎማ ቀበቶ ይዞራል። ሳሕኑንና ክንዱን የተሸከመው ውስጠኛው ብረት ደግሞ በሦስት ሞላዎች ላይ ተቀምጧል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሳሕኑ የሚዞርበት ዘንግ ዘይት ከጠጣ እንደ አዲስ ይሽከረከራል። የሚሞተው ክንዱ ነው።

ማጫወቻውን ያመጣችው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ነርስ ናት። የአባቷ ነበር። ቴክሳስ ይኖሩ የነበሩት አባቷ ሲያርፉ ቤተ ዘመድ አሽጎ ላከላት፤ የላከው ሰው ግን ክንዱን ማረፊያው ላይ አላሰረውም፣ ከኋላ ያለውንም ማመጣጠኛ ክብደት አልፈታውም። የጭነት መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ያ ክብደት ኩሽኔታዎቹን ሲቀጠቅጥ መጣ። ባለሙያው የክንዱን ራስ በሁለት ጣት ይዘው ወደፊትና ወደ ኋላ በስሱ ነቀነቁት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ የኋላውን ክብደት እያዞሩ ክንዱ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አደረጉና በትንፋሻቸው ገፉት። ጤነኛ ክንድ ቀስ ብሎ ዞሮ ጉዞውን ይጨርሳል። ይኼኛው መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ቆመ።

«ጋሼ፣ አይጠገንም?»

«ይጠገናል ልጄ። ግን ኩሽኔታውን የሚሠራ ሰው ፈልገሽ የምትከፍዪው፣ ደህና ክንድ ከምትገዢበት ብዙ አይርቅም። ደግሞ ይኼ ክንድ ድሮም ለዚህ ማጫወቻ አይመጥነውም ነበር።»

የመጨረሻው ቃል ለሰሚ ይከብዳል፤ ማጫወቻው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ክንድ ነውና። ቁጥሩ ግን ከሳቸው ጋር ነው። ቲፒ 16 የሚባለው ይህ ክንድ ከባድ ነው፤ ውጤታዊ ክብደቱ ከ16 ግራም ይበልጣል። በዚያው ዘመን ገበያውን የያዙት የአሜሪካው ሹር ዓይነት ካርትሪጆች (መርፌውን ይዘው ክንዱ ራስ ላይ የሚታሰሩት) ደግሞ መርፌያቸው በጣም ልስልስ ነበር። ከባድ ክንድና ልስልስ መርፌ አይጋቡም።

ይህንን ለመረዳት ክንዱ ምን እንደሚጠበቅበት ማየት ያስፈልጋል። ሸክላ ላይ የተቆረጠው መስመር ስፋቱ የሚሊ ሜትር ሃያኛ ገደማ ነው። ድምፁ ያለው በመስመሩ ግድግዳዎች ጥቃቅን መወላገድ ውስጥ ነው። መርፌው ያንን መወላገድ ተከትሎ ሲርገበገብ፣ የያዘው ክንድ ደግሞ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ክንዱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ካርትሪጁ የሚያነበው ይቀንሳል። ነገር ግን ሸክላ ዝርግ ሆኖ አያውቅም። ይጣመማል፤ መሃሉም ላይ በትክክል አይበሳም። በእነዚህ ዝግ ያሉ ውጣ ውረዶች ላይ ክንዱ ሳያጉረመርም መከተል አለበት። ለፈጣኑ ንዝረት ተራራ፣ ለዝግተኛው ቅጠል ሁን ነው የሚባለው።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ንዝረቱ የሚጮኽበት ነጥብ ነው። መርፌው የተሰካበት ላስቲክ እንደ ሞላ ነው፣ ክንዱና ካርትሪጁ ሸክም ናቸው። ሞላው የላላ አሮጌ ታክሲ ሰው ሲሞላበት ጉድጓድ ካለፈ በኋላም እንደሚወዛወዝ ሁሉ፣ ይህም ጥንድ የራሱ የመወዛወዣ ፍጥነት አለው። ባለሙያዎች ያንን ፍጥነት በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ባለው ውስጥ ማድረግ ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች የሸክላው መጣመምና የእግር ኮቴ አለ፤ ከ20 በላይ ደግሞ ሙዚቃው ይጀምራል። መሃል ላይ ያለችው ጠባብ ክፍት ቦታ የክንዱ ናት።

ስሌቱ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አይሞላም። የክንዱን ውጤታዊ ክብደት፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት ደምሩ። ድምሩን የመርፌው ልስላሴ ተብሎ በፋብሪካው በሚሰጠው ቁጥር አባዙት። የተገኘውን ዳግም ዘር ውሰዱ። 159ን ለዚያ አካፍሉ። ውጤታዊ ክብደት ማለት ግን ክንዱ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የሚያሳየው አይደለም፤ መርፌው ላይ ሆኖ ክንዱን ለመግፋት የሚሞክር ሰው የሚሰማው ክብደት ነው። ስለዚህ ከመዞሪያው አጠገብ ያለ ብዙ ብረት ትንሽ ይቆጠራል፣ ጫፉ ላይ ያለች አንዲት ግራም ግን ሙሉ ለሙሉ ትቆጠራለች።

ባለሙያው በእርሳስ አሳዩን። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚባለው ካርትሪጅ 7.2 ግራም ነው፣ ልስላሴው 20። 11 ግራም ገደማ ውጤታዊ ክብደት ባለው የሬጋ ክንድ ላይ ከብሎን ጋር ሲታሰር 8.1 ይሆናል። አለፈ። ያንኑ ካርትሪጅ 20 ግራም በሚሆን ከባድ ክንድ ላይ ብናስረውስ? 6.7 ይወጣል፤ ጠማማ ሸክላ በመጣ ቁጥር የድምፅ ማጉያው ሸራ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። በተቃራኒው የጃፓኑ ዴኖን ዲኤል 103 ያንኑ ከባድ ክንድ ነው የሚፈልገው። በ1960ዎቹ ለጃፓን ራዲዮ ጣቢያ ሥራ ታስቦ የተሠራ ጠንካራ መርፌ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ጃፓኖች ልስላሴን የሚለኩት በ100 ኸርዝ ነው፤ አውሮፓውያኑ ግን ስሌቱ በሚፈልገው በ10 ኸርዝ አካባቢ ነው። ዲኤል 103 ወረቀቱ ላይ 5 ቢልም ለስሌቱ ሲመጣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይታሰብለታል። ይህን ሳያውቁ ከባድ የብረት ራስ ገዝተው የጫኑ፣ በኋላ ደግሞ «ባሱ ቀፎ ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ የትኛው ክንድ ነው የሚለው ነው፤ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። በዚህ ዓለም ስሙ የገነነው ኤስኤምኢ ነው። መሥራቹ እንግሊዛዊው አላስቴር ሮበርትሰን አይክማን ድርጅቱን በ1946 ያቋቋሙት ለቅርጽ ሞዴሎች ክፍል ለመሥራት ነበር፤ ለራሳቸው ቤት ብለው የሠሩት ክንድ ተወድዶ በ1959 ለገበያ ቀረበ። የኤስኤምኢ ትልቁ ብልሃት፣ ለእኔ ከስሙ ሁሉ የሚበልጠው፣ የክንዱ መቀመጫ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተቱ ነው። ቀዳዳህን ትንሽ ብትስትም ሐዲዱ ያድንሃል። ራሱም ስለሚነቀል ካርትሪጅ መለዋወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ኩባንያው በ2019 መጨረሻ ክንዶቹን ለብቻቸው መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። የጃፓኑ ጄልኮም በ2020 ሥራውን ዘጋ። ያገለገሉት ዋጋቸው ሽቅብ ሄደ፤ ዛሬ የአንድ አሮጌ ኤስኤምኢ ዋጋ አዲስ ማጫወቻ ሙሉውን ሊገዛ ይችላል።

ባለሙያው ያወጡት ያገለገለ ሬጋ አርቢ 300 ነው። ሬጋ በእንግሊዝ ኤሴክስ፣ ሳውዝኤንድ አካባቢ የሚሠራ ድርጅት ሲሆን፣ ይህ ክንድ በ1983 ሲወጣ ሁሉንም ያስደነቀው ከራሱ እስከ መዞሪያው በአንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ተቀልጦ መሠራቱ ነበር። በዚያ መካከል መገጣጠሚያ የለውም፤ መገጣጠሚያ ከሌለ የሚላላ ነገር የለም። ኩሽኔታዎቹ ጥብቅ ናቸው። ዋጋውም ደህና ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ራሱ አይነቀልም፤ ከፍታውም በብሎን ከፍ ዝቅ አይልም፣ ከሥሩ ራንዴላ እየጨመሩ ነው። እኔ ብሆን ለኤስኤምኢው እቆጥብ ነበር፣ የሞኖ ካርትሪጅ ለብቻ የማሰር ዐመል ስላለብኝ። ልጅቷ ግን መርፌ ስትለዋውጥ የምትውል ሰው አይደለችም።

«ምን ምን ታዳምጫለሽ?» ሲሏት ካርቶን ከፈተች። ጉዳዩ ይበልጥ ጣፋጭ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ትልልቅ ሸክላ ብዙም የለም፤ የሞላው ባለ 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነው። ከአሳታሚዎቹ የአምሃ ሪከርድስ አለ፣ የካይፋ አለ፣ የፊሊፕስ አለ።

የኛ የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ በአብዛኛው የታተመው በዚህ ትንሽ ሸክላ ላይ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ሊያሳትም ቆርጦ ተነሳ፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ያን ጊዜ አገሩን ለቆ የመጣው እዚሁ አጠገብ ዋሽንግተን ነበር፤ አይቤክስ የሚባለው የምሽት ክበብ የሱ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካሴት ቦታውን ያዘ። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ የአባቱን ካርቶን ሲከፍት በብዛት የሚያገኘው 45 ነው፤ ስለ ክንድ የሚጻፈው ምክር ደግሞ በአብዛኛው የሚታሰበው ለ12 ኢንቹ ነው። እኔን ወደዚህ ጠረጴዛ የሳበኝም ይኸው ነው፤ ክንድ የሚመረጠው ለካርቶኑ ነው ወይስ ለካታሎጉ?

ልዩነቱ ከጂኦሜትሪ ይመጣል። ሸክላውን የቆረጠው ማሽን መቁረጫውን ከዳር ወደ መሃል በቀጥታ መስመር ይነዳል። የቤት ክንድ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ ስለሚዞር መርፌው ቅስት ይሥላል። ቀጥታውንና ቅስቱን ለማቀራረብ ሁለት ዘዴ አለ፤ የክንዱን ራስ ወደ ውስጥ ማጠፍና፣ መርፌው ከመሃል ዘንጉ ጥቂት አልፎ እንዲወድቅ ማድረግ። ፐርሲ ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1924 መንገዱን ጀመረ፣ ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን በ1938፣ ቤርዋልድ በ1941 ሒሳቡን አጠሩት። የቱንም ያህል ቢጣራ መርፌው ከመስመሩ ጋር ፍጹም የሚገጥመው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በሎፍግሬን ስሌት ሁለቱ ነጥቦች ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃሉ። በ1966 ስቲቨንሰን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ የውስጠኛውን ነጥብ ወደ 60.3 አስጠጋው፤ ሐሳቡ የትልቁ ሸክላ ማብቂያ፣ ዙሩ የሚያጥርበት ቦታ፣ ከስሕተት ነፃ ይሁን ነው።

ትንሹ ሸክላ ግን ከዚያም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የ45 ሙዚቃ ከመሃል እስከ 54 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊጠጋ ይችላል። የሬጋው ክንድ ከመዞሪያው እስከ መርፌው 237 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት ባሰላው፣ የዘፈኑ ማብቂያ ላይ መርፌው በሎፍግሬን አሰላለፍ 2 ዲግሪ ገደማ ይዛባል፤ በስቲቨንሰን ግን 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ግማሽ ነው። በሸክላው ዳር ላይ ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም። ፈጣሪ ለሸክላ ወዳጅ የሚያዝንበት ነገር ቢኖር ደግሞ የ45 ፍጥነት ነው፤ በ54 ሚሊ ሜትር ላይ መስመሩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ የትልቁ ሸክላ መጨረሻ ግን 21 ብቻ ነው። ዘፋኙ መጨረሻ ላይ «ስ» እና «ሽ» ሲል የሚፋጭብን ከሆነ ጥፋቱ ከፍጥነቱ ይልቅ ከማዕዘኑ ወይም ካረጀው መስመር ነው ማለት ነው።

የሬጋ ፋብሪካ ከመሃል ዘንግ እስከ ክንዱ መዞሪያ 222 ሚሊ ሜትር፣ የመርፌውን ማለፍ 15 ሚሊ ሜትር ይላል። ለስቲቨንሰን የተጠጋ ቁጥር ነው። በመጽሔት የሚጽፉ የድምፅ ሰዎች ይህን አሰላለፍ ብዙ ጊዜ ይነቅፉታል፤ ለትልቁ ሸክላ አማካይ ስሕተቱ ከፍ ይላልና። እውነታቸውን ነው። ለዚህ ካርቶን ግን ነቀፌታቸው አይሠራም።

ባለሙያው ይህን ሁሉ በስሌት አልነገሯትም። «ልጄ፣ ያንቺ ሸክላ ትንንሽ ስለሆነ ይኼ ክንድ ይስማማዋል» ብለው አለፉት።

አሁን ሥራው ይጀመራል። ቶረንስ ቲዲ 160ን የወደዱት ሰዎች የወደዱበት አንዱ ምክንያት ክንዱ የተተከለበት ሰሌዳ ለብቻው በብሎን የታሰረ መሆኑ ነው፤ ትፈታዋለህ፣ ሌላ ትሠራለህ፣ የድሮውን ሳትነካ ታስቀምጣለህ። አሮጌውን ሰሌዳ ከነክንዱ ፈትተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አስገረመኝ። መዘኑት። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ጻፉ። ሦስቱ ሞላዎች የተስተካከሉት ለዚያ ክብደት ነው፤ አዲሱ ሰሌዳና ክንድ በጣም ከከበዱ ወይም ከቀለሉ ሳሕኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

አዲሱ ሰሌዳ ከኮምፔንሳቶ ነው፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ የድሮው ቦታ ላይ ልክ እስኪገባ ሞከሩት። መጀመሪያ ግን ተመሳሳዩን ከርካሽ ኤምዲኤፍ ቆርጠው ነበር። የመጀመሪያው ቀዳዳ የሚበሳው እሱ ላይ ነው።

የልኬት መሣሪያቸው በእጅ የተሠራ ነው። አንድ ቀጭን የአሉሚኒየም ሰቅ፤ አንዱ ጫፍ በማጫወቻው መሃል ዘንግ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ በትክክል 222 ሚሊ ሜትር ላይ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለው። ሰቁን ዘንጉ ላይ ሰክተው እንደ ኮምፓስ ሲያዞሩት ሰሌዳው ላይ ቅስት ተሣለ። በዚያ ቅስት ላይ ያለው ነጥብ ሁሉ ትክክል ነው፤ ታዲያ የትኛው? ክንዱን በእጃቸው ይዘው አየር ላይ አዞሩት። ማረፊያው ሳሕኑን እንዳይነካ፣ የኋላው ክብደት ክዳኑ ሲዘጋ ማጠፊያውን እንዳይመታ፣ ከሥር የሚወርደው ዘንግ ውስጠኛውን ብረት እንዳይነካ። የተረፈው የቅስቱ ቁራጭ ከጥፍር አይበልጥም ነበር። እዚያ ላይ በመርፌ ነካ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው ትራፓኖውን አመጡ።

በመጀመሪያ ቀጭን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ክብ መብሻ። ከላይ ጀምረው ግማሽ ሲደርሱ ገልብጠው ከሥር ጨረሱት፤ እንጨቱ ሲያልቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ኤምዲኤፉ ላይ ክንዱን አቁመው በካሊፐር ለኩ። 222፣ ትንሽ ፈሪ። «ትንሿ ግድ የላትም፣ ካርትሪጁ ራሱ ላይ ወደፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል» አሉ። ያም ሆኖ ኮምፔንሳቶው ላይ ሲደርሱ ነጥቡን እንደ አዲስ ለክተው ነው የበሱት።

ክንዱን የሚያስረው ከሥር ያለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ጥብቅ ይሁን እንጂ አይታነቅ፤ በቁልፍ ተጠምዝዞ የታነቀ ዳዶ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል፣ ብሎም ክንዱን ያዘነብለዋል። ካሰሩት በኋላ ትንሽ ውኃ ልክ ሳሕኑ ላይ፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ አስቀምጠው አዩ።

ሽቦው ላይ ልጅቷን ጠሯት። «ነይ፣ ይኼን አንቺ ሥሪው፤ የነርስ እጅ ነው የሚፈልገው።» ከካርትሪጁ ጀርባ አራት እግሮች አሉ፤ ነጩ ሽቦ የግራ፣ ሰማያዊው የግራ መመለሻ፣ ቀዩ የቀኝ፣ አረንጓዴው የቀኝ መመለሻ። ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ሽቦዎች ናቸው። በፒንሳ እያጠለቀች ስታስገባ ትንፋሿን ይዛ ነበር። መበየጃ ወደዚህ ድርሽ አይልም፤ እግሮቹ ከጋሉ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ከሥር ወደ ማጉያው የሚሄደው ገመድ ደግሞ ለማመን የሚያዳግት ጣጣ አለው። ሞላ ላይ ያለ ማጫወቻ ውስጥ ወፍራምና ደረቅ ገመድ ከተጠቀምክ ገመዱ ራሱ አራተኛ ሞላ ይሆናል፤ ውስጠኛውን ብረት ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ ለስላሳ ገመድ መርጠው፣ አንድ ቅስት አበጅተው ላላ አድርገው አሰሩት። የምድር ሽቦውንም አልረሱም። አንዳንድ ክንድ የምድሩን መስመር ከአንዱ ቻናል መመለሻ ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለት ጊዜ ምድር ከነካ «ሁምም» የሚል ድምፅ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይኖራል።

አዲሱን ሰሌዳ ከነክንዱ መዝነው ከግድግዳው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ቀለል ያለ ነበር። ወደ ሞላዎቹ ጎንበስ አሉ፤ ሳሕኑን በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ መዝለል አለበት፤ ወደ ጎን ከተወዛወዘ አንዱ ሞላ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ሦስቱንም ዳዶዎች ተራ በተራ በሩብ ዙር እያስተካከሉ ሲነኩት፣ ሲለቁት፣ እንደገና ሲነኩት ሻይ ቀዘቀዘብን። ከሁሉ ሥራ ረጅሙ ይኸ ነበር፤ ከሁሉም ደግሞ ሰው የሚዘለው።

የቀረው ቶሎ ሄደ። ካርትሪጁ መስታወት ላይ በተሣለ መለኪያ ተሰለፈ። አርቢ 300 መርፌው ሸክላ ላይ የሚጫነውን ክብደት በውስጡ ባለ ሞላ ስለሚሰጥ፣ ክንዱን መጀመሪያ ዜሮ ላይ አንሳፍፈው መዘውሩን ወደ 1.8 ግራም አዞሩት፤ ትንሿ ሚዛን 1.9 አለች። ሚዛኗን አመኗት፣ መዘውሩን መልሰው ቀነሱት። የክንዱ ራስ የታጠፈ ስለሆነ መርፌው መስመሩ ውስጥ ሲፋተግ ክንዱን ወደ መሃል ይስበዋል፤ ያንን የሚቃወመውንም መዘውር በዚያው ልክ አደረጉት። ክንዱ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ከጎን ሲያዩት ከኋላ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ፈትተው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ራንዴላ ከሥር ጨመሩ።

ከካርቶኑ የወጣው ሸክላ የተፋቀ ነበር። በግብዣ ላይ የከረመ፣ ምናልባትም መርፌው በዘለለ ቁጥር ሳንቲም የተጫነበት። ቅጥቅጡ አለ፤ የትኛውም ክንድ አያስወግደውም። ባሱ ግን ቁጭ ብሏል፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ተለያይተው ይሰማሉ፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ የሚጠበቀው ፍጭት የለም።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚሰማው?» አለች።

«አባትሽ ሲያዳምጡት? አላውቅም ልጄ። ከዚህ የባሰ ይመስለኛል» ብለው ሣቁ።

ሒሳቡን ስትጠይቅ የክንዱንና የካርትሪጁን ዋጋ ብቻ ነገሯት፤ ለእጃቸው የድሮውን ቲፒ 16 ለመለዋወጫ ማስቀረት ነበር የፈለጉት። አልሰጠችም። የአባቷ ነው። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የኋላውን ክብደት ፈትተው ለብቻው በከረጢት አስገብተው ሰጧት። ከወር በኋላ ማጫወቻውን መልሳ እንድታመጣም አዘዟት። አዲስ እንጨት በዳዶ ሥር ትንሽ ይረግጣል፣ ሞላዎቹም አዲሱን ክብደት ሲለምዱ ጥቂት ይወርዳሉ፤ ያኔ ዳዶው ይጠብቃል፣ ሳሕኑ በውኃ ልክ ይታያል፣ 222ቱም እንደገና ይለካል። «ስታመጪ ግን» አሉ ደረጃውን ስትወጣ፣ «ክንዱን እሰሪው።»